ማዕድን ለተቸገረ ጎረቤት ስለ ማድረስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

በየቤታችሁ ሆናችሁ ይህን ቃል የምትሰሙ፥ በክርስቶስ የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት ሆይ፥ ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ከምድጃችን የሚጀምር ነው። ሊቃውንት የሚከራከሩበት ረቂቅ ምሥጢር አይደለም፤ በእያንዳንዳችን ቤት እሳት ላይ ተጥዶ የሚገኘው ድስት ነው። ከዚያ ድስት ለቤታችን ሰው ጨልፈን ስናበቃ፥ ለታመመው፥ ላዘነችው፥ በአራስነት ለተኛችው፥ ጧሪ ላጣው ሽማግሌ ጎረቤታችን የሚሆነውን በዕቃ አድርገን ስለ ማድረስ ልንናገር አስበናል።

ምናልባት ይህ የሰፈር ወግ ነው እንጂ የስብከት ነገር አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው ቅዱሳት መጻሕፍትን ቢመረምር፥ እግዚአብሔር የሰውን ድስት እንዴት አድርጎ ለታላቅ ሥራ እንደ ተጠቀመበት ያገኛል። እኛም አንዱን ታሪክ እናስታውሳችሁ።

በተረፈ ዳንኤል እንደ ተጻፈው፥ ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ሳለ ጠላቶቹ ሰባት አንበሶች ካሉበት ጕድጓድ ጣሉት፤ በዚያም ስድስት ቀን ቆየ። በዚያ ወራት ነቢዩ ዕንባቆም በይሁዳ አገር ወጥ ሠርቶ፥ እንጀራም በገበታ ፈትፍቶ፥ በእርሻ ላይ ለሚያጭዱት ሰዎች ሊያደርስ ይሄድ ነበር። የእግዚአብሔርም መልአክ ተገልጦ ያን ምግብ በባቢሎን በአንበሶች ጕድጓድ ላለው ለዳንኤል እንዲያደርስ አዘዘው። ዕንባቆም ግን ባቢሎንን ከቶ አይቶ እንደማያውቅ፥ ጕድጓዱም ወዴት እንደ ሆነ እንደማያውቅ ተናገረ። መልአኩም በራስ ጠጕሩ ይዞ ተሸክሞ ከጕድጓዱ አፍ አደረሰው። ዳንኤልም ማዕዱን ባየ ጊዜ አምላኩ እንዳሰበው ዐውቆ አመሰገነ፤ ተነሥቶም በላ። ዕንባቆምንም መልአኩ ወዲያውኑ ወደ ቦታው መለሰው።

ወገኖቻችን ሆይ፥ ይህን ታሪክ በማስተዋል እንመልከተው። የአንበሶችን አፍ የዘጋ አምላክ፥ ዳንኤልን ያለ ምግብ ለማኖር ይሳነው ነበርን? አይሳነውም። መልአኩስ ገበታውን ብቻ አንሥቶ ለመሄድ ምን ያግደው ነበር? ምንም አያግደውም። ነገር ግን እግዚአብሔር ዳንኤልን ለማጽናናት የፈቀደው በሰው እጅ በተሠራ ወጥ ነው፤ ወጡንም ያስላከው ራሱ የሠራውን ሰው ከነገበታው ተሸክሞ በማምጣት ነው። ብቻውን በጕድጓድ ላለ ሰው ምግብ ብቻ አይበቃውም፤ ምግቡን የያዘ የሰው ፊት ያስፈልገዋልና።

ሁለተኛም፥ ያ ምግብ ለዳንኤል ተብሎ የተሠራ አልነበረም። ለቤት ሠራተኞች የተዘጋጀ የዕለት ወጥ ነበር። የተለየ ድግስ፥ የታረደ ፍሪዳ አልተጠየቀም። ሦስተኛም፥ ዳንኤል ምስጋናውን ያቀረበው ለእግዚአብሔር ነው። ዕንባቆም «የደከምሁት እኔ፥ የተመሰገነው ሌላ» ብሎ ሲያዝን አናነብም፤ አድርሶ ተመለሰ እንጂ። ማዕድ ማድረስ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ ከዕለት ምግባችን ከፍለን፥ በራሳችን እግር ሄደን፥ ወንድማችን አምላኩ እንዳልረሳው እንዲያውቅ አድርገን፥ በጸጥታ ወደ ቤታችን መመለስ።

አባታችን አብርሃምም ያደረገው እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ሐምሌ 7 ቀን ቅድስት ሥላሴ ወደ አብርሃም ድንኳን መግባታቸውን ታከብራለች። አብርሃም በቤቱ የተወለዱ 318 ሎሌዎች የነበሩት ባለጸጋ ነበር። ነገር ግን እንግዶቹን ባየ ጊዜ ራሱ ሮጠ፤ ወደ ላሞቹም የሮጠው ራሱ ነው፤ ዱቄቱንም እንድትለውስ የተነገራት እመቤቲቱ ሣራ ናት። በእንግዶቹም አጠገብ ቆሞ አስተናገደ። ገንዘብ ያለው ሰው ሌላውን ማዘዝ ይችላል፤ ፍቅር ያለው ሰው ግን ራሱ ይነሣል።

በሐዲስ ኪዳንም በሐዋርያት ዘመን ምእመናን በበዙ ጊዜ፥ በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ አንዳንድ መበለቶች ችላ ተብለው ተገኙ። ከዚህም የተነሣ ማጕረምረም ሆነ። ሐዋርያት ይህን እንደ ትንሽ ነገር አልናቁትም፤ መንፈስ ቅዱስ የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች አስመርጠው እጃቸውን ጫኑባቸው እንጂ። ከነዚያም አንዱ ቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ሰማያት ተከፍተው ያየ ያ ቅዱስ አስቀድሞ የተሾመው የመበለቶች ማዕድ እንዳይጓደል ነበር። እኛም ካህናት በዲቁና ስንጀምር የተቀበልነው ሹመት ሥሩ ከመበለት ቤት መሶብ ጋራ የተያያዘ መሆኑን ልንረሳ አይገባንም።

እነሆ፥ ይህን ለሌላው የምንናገረው እኛ፥ ስለ ራሳችን የምንናዘዘው ነገር አለን።

እኛ ያደግነው በማናውቃቸው እናቶች እንጀራ ነው። ገና በልጅነታችን ከወላጆቻችን ቤት ወጥተን በጎጃም አገር ዜማና ቅኔ ስንማር፥ ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳችንን አንግተን፥ በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን እንለምን ነበር። ውሻ ያባረረን ቀን አለ፤ ዝናብ የደበደበን ቀን አለ። ነገር ግን ከደጃፍ ወጥታ ቁራሽ እንጀራ በአኩፋዳችን የጨመረች እናት ያልጠፋችበት ቀን ጥቂት ነው። ከነርሱም ብዙዎቹ ድኆች ነበሩ። አንዲት እናት እንጀራዋን ለሁለት ቆርጣ ግማሹን ለእኛ ሰጥታ ግማሹን ወደ ልጇ ስትመልስ አይተናል። የተማርነው ፊደል፥ የቆጠርነው ቅኔ፥ ዛሬም በመቅደስ የምንቀድሰው ቅዳሴ፥ ከእነዚያ እናቶች ምጣድ የወጣ ነው። ስማቸውን አናውቅም፤ እግዚአብሔር ግን ያውቃቸዋል።

በእንደዚህ ያለ እንጀራ ያደገ ሰው የተራበን ቤት በፊቱ ሽታ ሊያውቅ ይገባው ነበር። እኛ ግን አላወቅንም። ነገሩም እንዲህ ነው፤ ባለታሪኳን ጠይቀን በፈቃዷ እንናገረዋለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከንስሐ ልጆቻችን አንዱ፥ በግንበኝነት የሚኖር ሰው፥ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ትቶ ዐረፈ። የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተከሉ፤ የሰፈሩ ሴቶች እንጀራውን ጋገሩ፤ ወጡን በትልቅ ድስት ሠሩ። እንደ አገራችን ደግ ልማድ በሐዘን ቤት እሳት አልነደደም፤ ሐዘንተኛይቱም «ቅመሺ እንጂ» እየተባለች ትለመን ነበር። ሣልስቱ ካለፈ በኋላ ድንኳኑ ፈረሰ፤ ወንበሩ ተሰበሰበ፤ ድስቱም ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ተመለሰ። ሰውም ወደየሥራው ተበተነ። እኛም ከቀብሩ ጀምሮ በጸሎት አልተለየንም ነበርና ግዴታችንን የፈጸምን መሰለን።

አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጠበል ልንረጭላትና ልናጽናናት ወደ ቤቷ ሄድን። በትሕትና ተቀበለችን፤ ውሃ አስታጠበችን፤ እንጀራና ሽሮ አቀረበች። «ቤት ያፈራው ነው፥ አባታችን፤ ይባርኩልኝ» አለች። ባረክን፤ ጠግበንም በላን። መሶቧ እንዲሞላ ጸልየን፥ መስቀል አሳልመን ልንወጣ ስንነሣ፥ አምስት ዓመት የሚሆነው ትንሹ ልጅ የቀሚሳችንን ጫፍ ይዞ፥ «አባ፥ ነገም ይምጡ፤ እርስዎ ሲመጡ እማዬ እንጀራ ትጋግራለች» አለን።

እናቱ «ዝም በል!» ብላ ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቋ ግን ከአፏ ላይ ቀረ። እኛም ያን ጊዜ ዓይናችን ተከፈተ። በማእዘን በኩል የዱቄት ዕቃው ተደፍቶ አየን። ልጆቹ በበላንበት ሰዓት ሁሉ ከግድግዳው ሥር ተደርድረው እጃችንን ይመለከቱ እንደ ነበር ታወሰን። ለካስ የበላነው ለሦስት ሕፃናት የቀረውን የመጨረሻውን ዱቄት ኖሯል።

ነቢዩ ኤልያስ በሰራፕታ ከአንዲት መበለት ዘንድ የመጨረሻውን እፍኝ ዱቄት እንደ በላ ታውቃላችሁ። ነገር ግን ኤልያስ ዱቄቱ ከማድጋው እንዳያልቅ፥ ዘይቱም ከማሰሮው እንዳይጎድል የሚያደርግ የእግዚአብሔር ቃል ይዞ ነበር። እኛ ግን ምንም ይዘን አልሄድንም፤ ባዶ እጃችንን ሄደን ባዶ ዕቃ ትተን ወጣን።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ነገሩን ለባለቤታችን ነገርናትና፥ ነገ ጥቂት ብር በዲያቆኑ እጅ እንድንልክላት አሰብን አልናት። እርሷም ጥቂት ዝም ብላ እንዲህ አለችን፤ «መምሬ፥ ብሩም ይላክ፤ የቤት ኪራይ ይሆናታል። ነገር ግን ብር የተላከለት ሰው ተመጸወተ ይባላል፤ እንጀራ የተላከለት ሰው ጎረቤት አለው ይባላል።»

በማግሥቱም በምሳ ሰዓት እንጀራና ወጥ በመሶብ አድርጋ፥ በነጠላዋ ሸፍና፥ ራሷ ሄደች። ከደጃፉ ደርሳም፥ «ድኻ ነሽና አመጣሁልሽ» አላለችም። «እትዬ፥ ብቻዬን ምሳ አልበላ ቢለኝ ይዤ መጣሁ፤ እባክዎ አብረን እንቅመስ» አለች እንጂ። ሐዘንተኛይቱም ነገሩ ገባት፤ አለቀሰችም። ከዚያም ልጆቹን ጠርተው ሁሉም በአንድ መሶብ ቀረቡ። በኋላም ባለቤታችን ከስድስት ጎረቤቶች ጋራ በቀስታ ተመካከረች፤ ሰባት ቤት ሆነው ሰባቱን ቀን ተከፋፈሉት። ለአንዱ ቤት በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሆን ቀላል ነገር ነበር፤ ለዚያ ቤት ግን የሳምንቱ ምግብ ሆነ። ያች ሴት ዛሬ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ልጆቿን ታሳድጋለች። በሰፈራችን ያለ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌም የዓርብ ምሳው የሚመጣለት ከእርሷ ቤት ነው።

የተወደዳችሁ ሆይ፥ ከዚህ ነገር የተማርነውን እንንገራችሁ።

መጀመሪያ፥ ሰው የሚበዛበት ቀንና ሰው የሚያስፈልግበት ቀን አንድ አይደለም። ሰው በሞተ በሦስተኛው ቀን ሐዘን ቤቱ ምግብ ይተርፈዋል፤ በሠላሳኛው ቀን ግን ማንም የለም። ሴት በወለደች ሰሞን ገንፎው ይቀርባል፤ እልልታው ይሰማል። ቤተ ክርስቲያን ወንዱን በ40፥ ሴቲቱን በ80 ቀን እስክታጠምቅ ድረስ ግን ቀኑ ብዙ ነው፤ እናት ሕፃን ታቅፋ ሌሊቱን ነቅታ ስታድር በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጽዋ አጥሚት የሚያቀርብላት ታጣለች። የታመመም ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ጠያቂ ይበዛበታል፤ ደዌው ሲጠናበት ጠያቂው ይሳሳል። እንግዲህ ማዕድ ልታደርስ የምትወድ ሁሉ፥ ሌላው ሰው የሄደበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ሌላው ሰው የረሳውን ቀን ፈልግ።

በዚህም አንቀጽ ስለ ተዝካር አንድ ቃል እንጨምር። ተዝካር ለሙታን የምንጸልይበት፥ ድኻም የሚጠግብበት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። የሟችን ቤት በዕዳ የሚያሰጥም የፉክክር ድግስ ሲሆን ግን፥ በሣልስቱ ያበላናትን መበለት በአርባው መልሳ እንድታበላን ማስገደድ ይሆናል። ወደ ተዝካር የምትሄድ ጎረቤት፥ በመሶብህ አንዳች ይዘህ ሂድ፤ ከጠገበው ይልቅም የተራበው እንዲበላ አድርግ።

ሁለተኛ፥ አትጠይቅ፤ አድርስ። ክቡር ሰው «ምን ላምጣልህ?» ቢባል መልሱ የታወቀ ነው፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፥ ምንም አልጎደለኝም» ይላል። የአገራችን ሰው ረኀቡን በነጠላው ይሸፍናል። በጠየቅኸው ቍጥር እንዲዋሽ ታስገድደዋለህ። ይልቅስ ጢስ የማይወጣበትን ቤት ተመልከት፤ ከገበያ መመላለስ የተወችውን ሴት አስተውል፤ ምሳ ሳይዝ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደውን ልጅ እይ። ዓይንህ ከጠየቀ አፍህ መጠየቅ አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፥ ለሚበላው ሰው የሚሆነውን አድርስ። ጥርስ ለሌላቸው ሽማግሌ የሚላመጥ ሥጋ፥ ሆዱን ለታመመ ሰው በርበሬ የበዛበት ወጥ፥ ለጾመኛ ቤት የፍስክ ምግብ ቢደርስ፥ ከመጥቀም ይልቅ ማሳቀቅ ይሆናል። ለድውይ ለስለስ ያለ አልጫና አጥሚት ይሻለዋል፤ ሐኪም የከለከለውንም ከቤተ ሰቡ መረዳት ይገባል። ደግሞም ቤታችን የጠላውን፥ አድሮ የጎመዘዘውን ወጥ ለድኻ መላክ ምጽዋት አይባልም። ቃየልና አቤል ሁለቱም መሥዋዕት እንዳቀረቡ፥ የአንደኛው ብቻ እንደ ተመረጠ አስቡ። ለልጃችን የምናቀርበውን ለጎረቤታችን እናቅርብ።

አራተኛ፥ ክብሩን ጠብቅ። የሚቻል ከሆነ ተቀምጠህ አብረህ ብላ፤ አብሮ የበላ ሰው ሰጪና ተቀባይ መሆኑ ቀርቶ ባለማዕድ ይሆናልና። ዕቃህን ቶሎ አትጠይቅ፤ ባዶ ዕቃ መመለስ አሳፍሮት የሚጨነቅ ድኻ አለና፥ አንተው ሌላ ጊዜ ስትመጣ በእጅህ ይዘኸው ተመለስ። የሰጠኸውንም በገበያና በማኅበር አታውራ። ጌታችን ቀኝ እጅ የሚያደርገውን ግራው እንዳታውቅ ማስተማሩን እየሰማን፥ ዛሬ አንዳንዱ ሰው አንድ ሳህን ምግብ ሲሰጥ የተቀባዩን ፊት በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለዓለም ሁሉ ያሳያል። ያ ተቀባይ ልጆች አሉት፤ ልጆቹም ባልንጀሮች አሏቸው። እንጀራ ሰጥቶ ፊትን መውሰድ ከባድ ዋጋ ማስከፈል ነው።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ዛሬ በከተማ ያለ ኑሮ ይህን ሥራ እንዳከበደው እናውቃለን። በአንድ ግቢ ስንኖር የጎረቤታችንን ሳል እንሰማ ነበር፤ ቡናው ሲቆላም እንጠራራ ነበር። በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ግን ደጁ የተዘጋ ነው፤ ከፊት ለፊታችን ያለው ሰው ስሙ ማን እንደ ሆነ ሳናውቅ ዓመት ያልፋል። ዕንባቆም ባቢሎንን አላውቅም ማለቱ በእውነት ነበር፤ ባቢሎን ከይሁዳ ሩቅ ናትና። እኛ ግን ግድግዳ ብቻ የሚለየንን ሰው አናውቀውም ስንል ምን መልስ ይኖረናል? መልአክ መጥቶ በራስ ጠጕራችን ይዞ ደረጃ እስኪያስወጣን ድረስ እንጠብቃለንን?

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፥ ሰው ሰውን ሲፈራ ማዕድ ማጋራት የሚለው ቃል በየቦታው ተሰማ። እጅ ለእጅ መጨባበጥ ባልተቻለበት በዚያ ወራት ብዙዎች ምግቡን ከደጃፍ አስቀምጠው፥ አንኳኵተው፥ ራቅ ብለው ቆመው፥ ጎረቤታቸው ወጥቶ ሲያነሣው እያዩ ተሰነባበቱ። ሞት ባስፈራን ጊዜ የተከፈተው በር፥ ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ ለምን ይዘጋል? በተላላፊ በሽታ ቀን የቻልነውን በጤናችን ቀን እንዴት ያቅተናል?

ሆስፒታልንም አስቡ። ከሩቅ ገጠር ለሕክምና መጥቶ ዘመድ የሌለው በሽተኛ፥ የጎረቤት አልጋ ጠያቂዎች ሳህንና ፔርሙስ ይዘው ሲገቡ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የራሳችንን ሕመምተኛ ልንጠይቅ ስንሄድ ለአንድ ሰው የሚበቃ ብንጨምር፥ ያ ሰው ፊቱን ይመልሳል። በወኅኒ ያለውንም ስንቅ አቀባይ የሌለውን እስረኛ አስቡ። ጌታችን በፍርድ ቀን ተርቦ መብላቱን፥ ታምሞ መጠየቁን፥ ታስሮ መጎብኘቱን እንደሚያነሣ በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ተጽፏል። ከዚያም በቀኙ ያሉት ጻድቃን ያን ያደረጉት መቼ እንደ ነበር አላስታወሱም። መልካም ሥራ ልማድ የሆነለት ሰው አይቈጥረውምና።

«እኛም ድኆች ነን፤ የጤፍ ዋጋ ከፍ ብሏል፤ ለራሳችን መች በቃን?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ቃላችሁም እውነት ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያናችን መንገዱን አስቀድማ ሰጥታናለች። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም በየሳምንቱ አሉ። ከቍርስ የተከለከልንበት፥ ሥጋና ቅቤ የተውንበት ዋጋ ወዴት ይሄዳል? ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም ለተራበው እንጀራን ማካፈል እንደ ሆነ አስተምሯል። የጾማችን ትራፊ ወደ ኪሳችን ከተመለሰ ቈጠብን እንጂ አልጾምንም። ከማሰሮ አንድ ጭልፋ፥ ከመሶብ አንድ እንጀራ ማንሣት ቤትን አያራቍትም። በየሰንበቴውና በየማኅበሩ ጽዋ ስንጠጣም፥ ስሙ ከተጠራው መካከል የቀረ ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ፤ ለቀረውም ድርሻው ከዳቦውና ከንፍሮው በቤቱ ይድረሰው።

አሁን ደግሞ ለእናንተ፥ ማዕድ ለሚመጣላችሁ፥ አንድ ነገር እንናገር። አትፈሩ፤ አትፈሩም ብቻ ሳይሆን አትፈሪ የምትባለው ያቺ ነፍሳችሁ አትፈር። ዳንኤል ነቢይ ሳለ የዕንባቆምን ወጥ አልመለሰም። ኤልያስም ከመበለት እጅ በላ። ጌታችን ራሱ የማርታንና የማርያምን ማዕድ ተቀብሏል። ዛሬ የተቀበላችሁ ነገ ታደርሳላችሁ፤ የምታደርሱት ምግብ ባይኖራችሁ እንኳ፥ ያደረሰላችሁን ሰው በጸሎት ማሰብ የማይጎድል ማዕድ ነው።

እንግዲህ ይህን ቃል ከሰማችሁ በኋላ የምንለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። ራዲዮኑን ስትዘጉ፥ በልባችሁ ከደጃችሁ ውጡና በግራና በቀኝ ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ አስቡ። ከነዚያ መካከል ድምፁ ከጠፋ የሰነበተ ማን ነው? የማንንም ስም ባታገኙ፥ ስም አለማወቃችሁ ራሱ መልስ ይሁናችሁ፤ ነገ ሄዳችሁ ዕወቁ። ስሙን ካገኛችሁ ግን ለነገ ወጥ ስትሠሩ ውሃውን አንድ ጽዋ፥ ሽሮውን አንድ ጭልፋ ጨምሩ። ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

እኛን ያ ሕፃን ነገም እንድንመጣ ለምኖን ነበር። ባለቤታችን በማግሥቱ ስትሄድ ደጃፍ ላይ ቆሞ መንገዱን ሲመለከት አገኘችው። መሶቡን ባየ ጊዜ ወደ ውስጥ ሮጦ ለእናቱ «መጡ!» አለ። እኛም ከዚያ ወዲህ በቅዳሴያችን የሚራቡትን ባሰብን ቍጥር ያ ልጅ በደጃፍ ቆሞ ይታየናል። በየሰፈሩ እንዲሁ ቆሞ መንገድ የሚያይ ልጅ አለ፤ በአልጋ ላይ ተኝቶ የበሩን ድምፅ የሚጠብቅ ሽማግሌ አለ። ወደ እነርሱ የሚሄደው ሰው ማን ነው?

ዕንባቆምን ወደ ዳንኤል ያደረሰ አምላክ፥ የእኛንም እግር ወደ ጎረቤታችን ደጅ ያቅናልን። የመበለቲቱን ዱቄት የባረከ፥ መሶባችንን ይባርክልን። ያዘኑትን ያጽናናልን፤ የታመሙትን ይማርልን፤ አራሶችን በዕቅፋቸው ካሉ ሕፃናት ጋራ ይጠብቅልን፤ በወኅኒ ያሉትን ይፍታልን። በየመንደሩ ቁራሽ እየሰጡ ካህናትን ያሳደጉ፥ ስማቸው ያልተጻፈ እናቶቻችንንም ነፍሳቸውን ከአብርሃም ከይስሐቅ ከያዕቆብ ጋራ ያኑርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።